የጥንት ሕንዶች የሩካቤ ትምህርትና የወገዳ የሙሽርነት ሌሊት

ስለ ባልና ሚስት መኝታ በአደባባይ መናገር በአገራችን ነውር ነው። ነገሩ በሽማግሌ ፊት አይነሣም፤ በካህን ፊት የሚነሣውም በንስሐ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ የሚያጠና ሰው ነገሥታቱ የት እንደ ዘመቱ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ እንዴት ተጋብቶ እንዴት እንደ ኖረ መጠየቅ ይገባዋልና፣ ይህችን አነስተኛ ጥናት ለመምህራንና ለተማሪ ጓደኞቼ ለማቅረብ ደፍሬአለሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ በተማሪዎች ዘንድ በሹክሹክታ የሚነገረው የካማ ሱትራ ስም ነው። ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ የሥዕል መጽሐፍ አድርገን እንገምተዋለን። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። በኋላ በእንግሊዝኛ የተተረጐመውን ሳነብ ግን የመጽሐፉ ቃል አንድም ሥዕል እንደሌለው፣ ስለ አኳኋን የሚናገረውም ከሰላሳ ስድስቱ ምዕራፎች መካከል በአንዱ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ክፍል መሆኑን ተረዳሁ። ይልቁንም ቀልቤን የሳበው ሌላ ምዕራፍ ነው። እርሱን ሳነብ የመጣብኝ የሕንድ አገር ሳይሆን የተወለድኩበት ወገዳ ነበር። ወገዳ የምለውም ከጉና ተራራ ወዲህ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ይዞ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን አገር ነው።

ካማ ሱትራን በሳንስክሪት ቋንቋ ያዘጋጀው ቫትስያያና የሚባል ሊቅ ነው። የኖረውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደ ሆነ ይገመታል፤ በእኛ በኩል የአክሱም ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ ማሠራት የጀመሩበት ዘመን መሆኑ ነው። መጽሐፉ 7 ክፍሎች አሉት። ቫትስያያና አዲስ ነገር ፈጠርኩ አይልም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት በሰፊው የጻፉትን አሳጥሬ ሰበሰብኩ ይላል እንጂ። አንዱን ጉዳይ ሲያነሣም የባብራቭያን ደቀ መዛሙርት አሳብ ይጠቅሳል፣ የሌሎችን ተቃውሞ ያስከትላል፣ በመጨረሻም የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ አሳብ በአሳብ ላይ እንደሚደርቡት ያለ ነው። ይህን መጽሐፍ የጻፈውም በንጽሕና ተወስኖ፣ በተመስጦ ሆኖ መሆኑን በመጨረሻው ላይ ይናገራል። የፍትወት መጽሐፍ ጸሐፊ እንደ መናኝ ሆኖ መጻፉ ለእኛ አንባቢዎች የሚያስገርም ነው፤ እርሱ ግን የሚቃረን ነገር አላየበትም።

ያላየበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በጥንት ሕንዶች አስተሳሰብ ሰው በሕይወቱ ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም ዳርማ ማለት ሥርዓትና ጽድቅ፣ አርታ ማለት ሀብትና ኑሮ፣ ካማ ማለት የስሜት ደስታና ፍቅር ናቸው። ከሦስቱ የሚቀድመው ዳርማ ቢሆንም፣ ካማም ትምህርት የሚገባው ጉዳይ ነው። በዘመኑ «እንስሳት እንኳ ያለ መምህር የሚያደርጉትን ነገር መጻፍ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ተቃዋሚዎች ነበሩና ቫትስያያና ይመልስላቸዋል። እንስሳት ወቅታቸውን ጠብቀው ሳያስቡ ይገናኛሉ፤ በሰው ዘንድ ግን ነገሩ በሁለቱም ወገን ፈቃድና ብልሃት ላይ የቆመ ስለ ሆነ መንገዱን መማር ያሻል ይላል።

ሴቶችም ሊማሩት ይገባል ማለቱ ደግሞ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ከማን ይማሩ ለሚለው ጥያቄ፣ አብራት ካደገችና ካገባች ሴት፣ ከታመነች ጓደኛ፣ ከእናቷ እኅት፣ ከአሮጊት አገልጋይ፣ ከእኅቷ እያለ ይዘረዝራል። ይህን ዝርዝር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ስለ አኳኋን የሚናገረው የሁለተኛው ክፍል 6ኛ ምዕራፍ ነው። ደራሲው በመጀመሪያ ወንዱንም ሴቲቱንም በአካላቸው መጠን በሦስት በሦስት ይመድባቸዋል፤ ወንዱን ጥንቸል፣ ኮርማ፣ ፈረስ፣ ሴቲቱን አጋዘን፣ ባዝራ፣ ዝሆን እያለ ይጠራቸዋል። በጠባይም እንዲሁ ሙቀትና ዝግታ አላቸው ይላል። እንግዲህ አኳኋኖቹ የተዘረዘሩት ለጉራ ሳይሆን፣ እኩል ያልሆኑት ባልና ሚስት እንዲመጣጠኑ ነው። በጀርባ፣ በጎን፣ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚሆነውን ለይቶ፣ ስማቸውንም ከሸርጣን፣ ከሎተስ አበባ፣ ከቀርከሃ ስንጠቃ ይወስዳል። የሴቲቱ ደስታ ከወንዱ ደስታ ያላነሰ መሆኑንም ረዘም አድርጎ ይከራከርበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ራሱ ያበጀውን ሥርዓት ራሱ ያላላዋል፤ የአገሩ ልማድና የሴቲቱ ፈቃድ ይቀድማል፣ ፍቅር ከጋለ በኋላ ደግሞ መጽሐፍም ተራም አይጠየቅም ይላል። ደብተራ የሆነ ሰው መጽሐፍ አይጠየቅም ብሎ ሲጽፍ በበኩሌ አላየሁም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን እንደ ቅዱስ ነገር ማወደስ አይገባም። የተጻፈው ለከተማ ባለጸጋ ነው፤ ሽቶ፣ አበባ፣ መሰንቆና ሥራ የሌለበት ከሰዓት በኋላ ላለው ሰው። ከእርሻ ደክሞ ለሚመለስ ገበሬ ብዙው አይደርሰውም። ከዚህም በላይ 5ኛው ክፍል የሰው ሚስት ስለ ማባበል፣ 6ኛው ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ነው። ለባልና ሚስት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ወደ አናንጋ ራንጋ መሄድ አለበት። እርሱን በ15ኛው ወይም በ16ኛው መቶ ዓመት ካልያናማላ የሚባል ባለቅኔ ከሎዲ ቤተሰብ ለሆነ ላድ ካን ለሚባል የእስላም መኰንን ጻፈለት። ዓላማውንም አይሸሽግም፤ ባልና ሚስት የሚለያዩት ኑሮአቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚሰለቻቸው ነው፣ ባል በአንዲት ሚስቱ ዘንድ ብዙ ዓይነት ደስታ ማግኘት ቢያውቅ ወደ ሌላ አይሄድም የሚል ነው።

እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ለአውሮጳ ያስተዋወቀው ሰው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1855 በጥር ወር ሐረር ገብቶ በአሚር አሕመድ ዘመን 10 ቀን ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በአካባቢው ስለ ሴቶች ግርዛት ልማድ በላቲን የጻፈው ተጨማሪ ክፍል ነበረ፤ አሳታሚው ግን ነውር ነው ብሎ ከአብዛኞቹ ቅጂዎች አስወጣው። በርተን ካማ ሱትራን ከባልንጀራው ከአርበትኖት ጋር ሆኖ በ1883 ያሳተመው ለሽያጭ ሳይሆን ለማኅበርተኞች ብቻ በሚል ሽፋን ነው። ሳንስክሪቱን በማውጣት ዋናውን ሥራ የሠሩት ባግዋንላል ኢንድራጂና ሺቫራም ፓራሹራም ቢዴ የተባሉ የሕንድ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ዝናው ለበርተን ሆነ። ነውር የእኛ አገር ብቻ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ሕንድና ኢትዮጵያ ሳይተዋወቁ የኖሩ አገሮች አይደሉም። በደብረ ዳሞ በሕንድ ወገን የነበሩት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ከመቶ በላይ ተገኝቷል። መጽሐፍም መጥቷል። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በ1553 በአውሮጳ አቆጣጠር የበራላምና የይወሴፍን ታሪክ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ይህ ታሪክ ከቡዳ ሕይወት የተወሰደ ሆኖ፣ ከአገር አገር ሲሻገር የክርስቲያን ገድል የሆነ ነው። በውስጡ ንጉሡ ልጁን ከምናኔ ለመመለስ ቆነጃጅት ይሰድበታል፤ ልጁ ግን በጸሎት ያሸንፋል። እንግዲህ ከሕንድ ወደ ግእዝ የገባው ዓለምን የናቀችው ሕንድ ናት፤ የቫትስያያና ሕንድ አልመጣችም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የእኛ ሊቃውንት የሚፈልጉትን መርጠው ወሰዱ። ሙሽራና ሙሽሪት አንዱ የሌላውን አካል የሚያወድሱበት መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በእጃቸው እያለም፣ በትርጓሜው ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽሪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው አስተማሩት።

ታዲያ የእኛ መጻሕፍት ስለ ሩካቤ ምንም አይሉም ወይ? ይላሉ። ነገር ግን ሕንዶቹ «እንዴት» ብለው ሲጽፉ የእኛዎቹ «መቼ» ብለው ጻፉ። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ማን ማንን ሊያገባ እንደሚችል፣ መተጫጨቱ፣ ማጫው፣ ጋብቻው የሚፈርስበት ምክንያት እንዴት እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ ባል ለሩካቤ የማይችል ሆኖ ቢገኝ ምን እንደሚደረግም ያውቃል። ሲጎድል ያውቀዋል፤ ሲኖር ምን መምሰል እንዳለበት ግን አያነሣም። ከዚያ ወዲያ ያለው የቀን ቁጥር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ምእመን ሁሉ የሚጾመው በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህናቱ የሚጾሙት 250 ገደማ ይሆናል። በጾም ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ። ወንድ ልጅ ሲወለድ 40፣ ሴት ስትወለድ 80 ቀን አለ። ሰንበትና ታላላቅ በዓላት አሉ። ቆርቦ የሚኖር የወገዳ ባለ ትዳር ይህን ሁሉ ቆጥሮ ሲጨርስ የሚተርፈውን ሌሊት አንባቢ ያስላው።

በዚህ ላይ ግን አንድ መታረም ያለበት ነገር አለ። ሕንዶቹም «መቼ» ብለው ቆጥረዋል። አናንጋ ራንጋ ሴቶችን በአራት ጠባይ ከፍሎ፣ ጨረቃ በሞላችና በጎደለች ቁጥር የትኛዋ በየትኛው ሌሊት ደስ እንደሚላት በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ልዩነቱ ቀን በመቁጠር ላይ አይደለም። የእነርሱ ቀን ቆጣሪ ሴቲቱ የምትደሰትበትን ሌሊት ይፈልጋል፤ የእኛው እግዚአብሔር የማይቆጣበትን ይፈልጋል። በሰንጠረዡ አልተማርኩበትም፤ ብልሃት ያለው ጨዋታ ይመስለኛል። ነገር ግን የሚስትን ፈቃድ ከቁም ነገር ቆጥሮ ሰንጠረዥ ማውጣት ራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

አሁን ወደዚያ ቀልቤን ወደ ሳበው ምዕራፍ ልመለስ። የካማ ሱትራ 3ኛ ክፍል 2ኛ ምዕራፍ ስለ አዲስ ሙሽራ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ለሦስት ሌሊት መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ጨው የሌለበት ምግብ ይበላሉ፣ አይገናኙም። ቀጥሎም ሙዚቃ፣ አብሮ መብላት፣ ዘመድ መጠየቅ አለ። በዚህ ጊዜ የባልየው ሥራ የሙሽሪትን እምነት ማግኘት ነው፤ ቀስ ብሎ ማነጋገር፣ ዝም ብትለው መታገሥ፣ በጓደኛዋ አማካይነት ማጫወት። ምክንያቱንም ይሰጣል። ሴት የረጋ አጀማመር ትሻለች፤ ገና በደንብ ባላወቀችው ሰው በግድ ብትያዝ ነገሩን ትጠላዋለች፣ አንዳንዴም የወንድን ዘር ሁሉ ትጠላለች። ይህ ከ1,700 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈ ነው።

በእኛ አገር ልማድ የመጀመሪያው ሌሊት ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም። ሙሽሪት በበቅሎ፣ ፊቷን ተሸፍና፣ ብዙ ጊዜ አይታው ወደማታውቀው ሰው ቤት ትገባለች። እሺ ብትል ነውር ነው፤ መታገል የጨዋ ልጅነት ምልክት ነው። ሙሽራው ደግሞ ያን ትግል ማሸነፍ የወንድነቱ ምልክት ነው። ሚዜዎች በደጅ ሆነው ወሬ ይጠብቃሉ። የክብረ ንጽሕናዋ ምልክት ሲታይ እልልታና ዘፈን ይሆናል፤ ለወላጆቿም ይላካል። ሙሽራው ሳይሆንለት ቢያድር ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። ሮናልድ ረሚኒክ የሚባለው አሜሪካዊ አጥኚ የመንዝን ሌሊት በ1976 በአውሮጳ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ የወንድነት መፈተኛ ሥርዓት አድርጎ ገልጾታል። መንዝ ሩቅ ቢሆንም ልማዱ ለወገዳ ሰው እንግዳ አይደለም።

ልማዱን ሁሉ በአንድ ቃል መኰነን ግን ትክክል አይሆንም። ሚዜው ሙሽሪትን እንደ ወንድም ሊጠብቃት ቃል ይገባል፤ ስታዝን ያጫውታታል፣ ጠብ ሲነሣ ይገላግላታል፣ ዝምድናውም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ልጅቷ ሳትደርስ ተድራ እንደ ሆነም ባልየው እስክትደርስ ድረስ እንዳይነካት በሽማግሌ ፊት የሚምልበት ሥርዓት ነበረ፤ መሐላው ምን ያህል ይጠበቅ ነበር የሚለው ሌላ ነገር ነው። አያቶቻችን ጉዳቱን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ካላወቁት መሐላውን ለምን ፈለጉት?

ያልነበረው ማስተማሩ ነው። ከላይ በልብ ይያዝልኝ ያልኩት ዝርዝር እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ቫትስያያና የእናት እኅትን፣ ያገባች ጓደኛን፣ እኅትን መምህር አድርጎ ሾሟቸው። በስማዳ የተዳረችው አያቴ አክስትም፣ ያገባች እኅትም ነበራት። ምን ነገሩሽ ብዬ ብጠይቃት «እንዳታሰድቢን አሉኝ» አለች፤ ሌላ ነገር አልነገሯትም። ይህን ለመጠየቅ ራሴ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ አፍሬ መመለሴን ብሸሽግ ጥናቱ እውነት አይሆንም።

የተማረ መምህር ባልነበረበት ቦታ ደብተራው ገባ። ከጋብቻ በፊት ዐውደ ነገሥት ተገልጦ የወንዱና የሴቲቱ ስም በፊደል ቁጥር ይሰላል፤ ኮከባቸው ከገጠመ ይጋባሉ። ቫትስያያና አካልንና ጠባይን ሲያመጣጥን እኛ ስምን አመጣጠንን ማለት ነው። ትዳሩ ሲቀዘቅዝም መስተፋቅር ይጻፋል፣ ሥር ይማሳል፤ ለወንድ ድካም የሚሆን መድኃኒትም በግእዝና በአማርኛ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በዚህ ረገድ ሕንዶቹም ከእኛ አይሻሉም። የካማ ሱትራ 7ኛ ክፍል በሙሉ ቅባት፣ ዱቄትና አስማት ነው፤ ለስማዳ ደብተራ ቢነበብለት ቅጠሎቹን ብቻ ለውጦ የራሴ ነው የሚል ይመስለኛል።

የካልያናማላ ጥያቄ፣ ባልና ሚስት ለምን ይለያያሉ የሚለው፣ በወገዳም የሽማግሌዎች የዘወትር ሥራ ነው። የሰማንያ ጋብቻ በስምምነት እንደ ተሠራ በስምምነት ይፈርሳል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሬውን፣ እህሉን፣ ዕቃውን ያካፍላሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኮከባችን አልገጠመም» ወይም «አልተስማማንም» ይባላል። ከዚህ ቃል በስተኋላ ስንት ጊዜ የመጀመሪያው ሌሊት እንዳለ ሽማግሌ አይጠይቅም፣ ሴቲቱም አትናገርም። ከእርሻ ክፍፍል ሌላ የተጻፈ ነገር ስለሌለ የታሪክ ተማሪ ይህን ከመዝገብ ሊያገኘው አይችልም።

አካሉ ግን መዝግቦታል። ሳትደርስ የተዳረች ልጅ ምጥ ሲጠናባትና ሐኪም በሌለበት ለቀናት ሲቆይባት ፊስቱላ የሚባለው ጉዳት ይደርስባታል፤ ሽንቷን መቋጠር ተስኗት ከባሏም ከመንደሯም ትገለላለች። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካተሪን ሀምሊን በ1959 በአውሮጳ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 በአዲስ አበባ ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በኋላም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተከፈተ። ሕጉም በዝግታ ተከትሏል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሕጉ ዕድሜን ቈጠረ፤ ይህም እንደ ቀድሞው «መቼ» የሚለውን መመለስ ነው። ስለ ሌሊቱ ራሱ የሚናገር አንቀጽ ከሕግ አይጠበቅም።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያን የካማ ሱትራ ምዕራፍ ለአያቴ በአማርኛ ነገርኳት። አሕዛብ የጻፉት ነው ብላ ታማትባለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላማተበችም። ስለ መሬት ላይ መተኛቱና ጨው ስለሌለበት ምግብ ሰምታ «ጾም ነዋ!» አለች። ሦስት ሌሊት ሳይነካት፣ እያጫወታት ይቆያል ስላት ግን ጥጥ መፍተሏን አቁማ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም ቀና ብላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ሦስት ሌሊት? ታዲያ ሚዜዎቹ በደጅ ምን ሲሠሩ ያድራሉ?»